በቅሎዋ ትመስክር

አንድ ቀዬ ሙሉ ሽማግሌ፣ ጋቢ የለበሰና ዘንግ የያዘ፣ ከአንዲት በቅሎ ኋላ አሰልፌ መቼ ጅራቷን እንደምታነሳ ሳስጠብቅ የዋልኩ ሰው ነኝ። ያኔ የወተት ጥርሴ እንኳ ተነቅሎ አላለቀም። የወረዳ ሹም ቢያዛቸው የማይታዘዙ ሽማግሌዎች ናቸው፤ እኔ ተናገርኩ፣ እነሱ ቆሙ። አታምኑም፤ አውቃለሁ። ሚስቴም ይኸው ስንት ዘመን አብራኝ ኖራ አላመነችም። ቢሆንም እነግራችኋለሁ፤ ማመኑ የናንተ ፋንታ ነው።

ነገሩን ያስታወሰኝ ፈረስ ነው። ፍኖተ ሰላም ላይ ባጃጅ እነዳለሁ። ባለፈው ገበያው ሞቅ ባለበት ቀን አንዲት ተማሪ ጭኜ ዋናው መንገድ ላይ ከአንድ ጋሪ ኋላ ተጣብቄ ስሄድ፣ ፈረሱ ጅራቱን ብድግ አደረገና ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ፣ ከጎማዬ ፊት አወረደው። እንፋሎቱ ይወጣል። ልጅቷ በሻርፗ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ ግን ሳብ አድርጌ አሸተትኩ። የደቀቀ ሣር፣ ትኩስ ላብ፣ የጠዋት በረት ሸተተኝ። ወዲያው እትዬ እናኑ ድቅን አሉብኝ።

"ምን አባቱ ነው ግን እንዲህ ድቡልቡል የሚያደርገው?" አለች ልጅቷ ሻርፑ ውስጥ ሆና። "የላም ታዲያ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ?"

ባትጠይቀኝ ይሻላት ነበር። መውረጃዋን አሳልፌ፣ ሆስፒታሉን ዞሬ፣ እስኪያልቅ ድረስ ነገርኳት። ስትወርድ "አባባ፣ ውሸትዎ ያምራል" አለችኝ። እስቲ እናንተ ፍረዱ።

ያደግኩት ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። ከቀዬው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሸክላ አፈሩ ካለበት፣ አንድ ቤት ለብቻው ነበር። የእትዬ እናኑ ቤት። ሸክላ ሠሪ ናቸው። ጅጋ ገበያ ድስትና ገንቦ ዘርግተው ሲቀመጡ ሰው የሚሰበሰበው ግማሹ ለዕቃው፣ ግማሹ ለምላሳቸው ነው። አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ድስታቸውን አገላብጦ አገላብጦ፣ "ይሄ አያፈስም?" ቢላቸው፣ "ያንተ አፍ እንጂ የኔ ድስት አያፈስም፤ አስቀምጠው!" አሉት። ሰውዬው ሁለት ገዝቶ ሄደ።

ሰው የሸክላ ሠሪን ዕቃ ይወዳል፣ ሠሪዋን ይፈራል። "ዓይናቸው ይበላል" ይባላል። ጋናቸው ጓዳ ይገባል፣ እሳቸው ደጅ ይቀራሉ። እኔ ይሄን አላውቅም ነበር። እቤታችን ሲመጡ ሁልጊዜ ደጅ የሚቆሙት የቤታችንን ጭስ ስለማይወዱ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ለእሳቸው ብዬ እናቴን "ጭሱን ቀንሺው" እያልኩ እጨቀጭቃት ነበር።

እንዴት ተዋወቅን? በኩበት ነዋ! ሸክላ የሚተኮሰው በኩበት ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ እትዬ እናኑ ድስቶቻቸውን ይደረድሩና በላዩ ኩበት ከምረው እሳት ይለቁበታል። ያን ኩበት ደግሞ የሚያመጣላቸው ሰው ያስፈልጋል። እኔ በረት ለመጥረግ የተወለድኩ ልጅ ነበርኩ፤ ጠዋት ጠዋት የቤታችንን ከብትና የአባቴን በቅሎ ስጠርግ ያገኘሁትን በቅርጫት ይዤ እወርድላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ከጭቃ ትንንሽ በሬ፣ ትንንሽ ዶሮ እየሠሩ ይሰጡኛል። ያን ዓመት ከጭቃ ከብት በኩል ከእኔ የበለጠ ሀብታም በጃቢ ጠህናን ወረዳ አልነበረም።

እሳቸው ቅርጫቱን ሲቀበሉ እንደ እህል ነጋዴ ነው። እጃቸውን ከተው ያገላብጣሉ።

"ይሄ የላም ነው፤ ሲደርቅ ኩበት ይሆናል፣ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ ድስቱን አያስደነግጠውም። ይሄ ፋንድያ ነው፤ የበቅሎ። ቦግ ይልና ይጠፋል፤ ለማቀጣጠያ እንጂ ለሌላ አይሆንም፤ እንደ ሽማግሌው እንደ አያ ጥሩነህ ቁጣ። ይሄ በጠጥ ነው፤ የፍየል። ፍሙ እንደ ከሰል ነው፣ ይቆያል። ይሄስ? አንተ ጉድ! የዶሮ ኩስ ምን ልታደርግ አመጣህብኝ?"

"ነጭ ስለሆነ አማረኝ፣ እትዬ።"

"ነጩ ሽንቷ ነው! ዶሮ ጎረቤት አስቸግራ ሁለቴ አትቀመጥም፤ ሁሉንም ባንዴ ጨርሳ ትነሳለች።"

አንድ ቀን ያቺ ተማሪ የጠየቀችኝን ጠየቅኳቸው። ለምንድን ነው የላም እንጀራ የመሰለው፣ የፍየል ዶቃ የመሰለው፣ የበቅሎ ሙልሙል ዳቦ የመሰለው? እትዬ እናኑ መልስ ሲሰጡ በአፋቸው ብቻ አይሰጡም። ከቀጭኑ ጭቃ ጭብጥ አነሱና ከቁመታቸው ላይ ለቀቁት። ዘጭ! ተነጠፈ። ቀጥለው ደረቅ ካለው ቆንጥረው በመዳፋቸው አድቦልብለው ለቀቁት። ዱብ! እንዳለ ቁጭ አለ።

"አየህ? አንጀት ሸክላ ሠሪ ነው" አሉኝ። "ልዩነቱ ውሃው ላይ ነው። ላም ትጠጣለች፣ ትጠጣለች፣ ውሃውን መልሳ ትለቀዋለች። ቀጭን ጭቃ ምን ብታድቦለብለው ይቆማል? ፍየል ግን ቆጣቢ ናት። የጠጣችውን አንዲት ጠብታ አታባክንም፤ አንጀቷ ውስጥ ትመጠዋለች፣ ትመጠዋለች፤ የደረቀውን ደግሞ አንጀቷ እንደ ጣቴ ቆንጠር ቆንጠር ያደርገዋል። በቅሎ መሃል ቤት ናት፤ ጠንከር ያለ፣ ጎላ ያለ።"

"ገለባው ለምን ይታያል ታዲያ የበቅሎ?"

"አታመነዥግማ! ላም የበላችውን መልሳ ታኝከዋለች፤ ምን እንደበላች እግዜር ነው የሚያውቅላት። በቅሎ ግን አንዴ አኝካ ነው የምትውጠው። ገብስ ብትበላ ግማሹ ገብስ ሆኖ ይወጣል። ላም ትደብቃለች፤ በቅሎ ትመሰክራለች።"

ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

እውነቱን ለመናገር ያኔ በሌላ ነው የገባኝ። "አንጀት ሸክላ ሠሪ ነው" ሲሉ በየእንስሳው ሆድ ውስጥ አንዲት ትንሽዬ እትዬ እናኑ ተቀምጣ የምታድቦለብል መሰለኝ። የፍየላችን ሆድ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ "እትዬ፣ አሉ?" እያልኩ ስጣራ እናቴ አገኘችኝና ጠበል ልትወስደኝ ነበር። የበቅሎ አንጀት በየቦታው ኪስ ኪስ እንዳለውና በየኪሱ አንዳንድ ድቡልቡል እንደሚሠራ እሳቸውም አላወቁም፤ እሱን ካደግኩ በኋላ እኔው ነኝ ያጠናሁት። ሬዲዮ ሰምቼ፣ የእንስሳት ሐኪም ባጃጄ ላይ በተሳፈረ ቁጥር ጠይቄ። ደግሞ በሬዲዮ እንደሰማሁት ባሕር ማዶ አራት ማዕዘን የሚጥል እንስሳ አለ፤ እንደ ጡብ! ይሄንንም አታምኑም። እሱን እንኳ እኔም ገና እየታገልኩት ነው።

እውቀቴ ታዲያ ትምህርት ቤት ድረስ ተሰማ። አንድ ቀን ጠመኔ አለቀና መምህራችን "ማን ነው ጠመኔ የሚያመጣልኝ?" አሉ። እኔ ሮጥኩ። ከትምህርት ቤቱ በላይ ገደሉ ሥር ጅብ የሚጥልበት ቦታ አውቃለሁ። የጅብ ደግሞ አጥንት ስለሚቆረጥም ሲደርቅ ነጭ ነው፣ ቢጽፉበት ይጽፋል። መርጬ፣ ቀጥ ቀጥ ያለውን አመጣሁ። መምህሩ የሰሌዳውን ግማሽ በሚያምር ጽሕፈት ሞሉት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

"ሙሉቀን፣ ይሄን ከየት ነው ያመጣኸው?"

"ከጅቡ፣ ጋሼ።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ሙሉቀን መሆኑ ቀረ፤ "ዶክተር ፋንድያ" ሆንኩ። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ሳልፍ "ዶክተር፣ ዛሬ ምን አገኘህ?" ይሉኛል። እኔ እንደ ሹመት ነው የቆጠርኩት።

ያ ዓመት ታላቅ ወንድሜ ታከለ በጥር የሚሞሸርበት ነበር። ሙሽራዋ ወደ ቡሬ መውጫ ካለ አገር ናት። አባቴ፣ አያ ዘለቀ፣ ልጁን ከመዳሩ ይልቅ በቅሎውን ይዞ በሰርጉ አጀብ መሃል መታየቱ ነበር የሚያሳስበው። በቅሎዋ ሸጊት ትባላለች። ስሟ ነው መልኳ፤ ሸጋ! ጭራዋ የተበጠረ፣ ኮቴዋ በቅቤ የሚታሽ። ለእኛ ለልጆቹ ፀጉር ቅቤ ስንጠይቅ የለም፤ ለሸጊት ኮቴ አለ።

የኮርቻ በቅሎ ደግሞ ጭነት አትነካም። ጭነት የአህያ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጎረቤት "አያ ዘለቀ፣ ሸጊት ከቆመች አይቀር ይቺን ጤፍ ወፍጮ ታድርስልኝ" ቢለው አባቴ እስከ ፋሲካ ሰላምታ ከልክሎታል። በአባቴ ሚዛን ሸጊት ላይ ጆንያ መጫን ቄሱ ላይ ጆንያ እንደ መጫን ነው።

የሰርጉ ቀን ሲቃረብ እናቴ ለጠላው ገብስ አበቀለች። ብቅሉን ከጓሮ ሰሌን ላይ ዘርግታ ታደርቀዋለች። ብቅል ጣፋጭ ነው፤ ልጅ ሆኖ ብቅል ያልዘገነ ካለ እጁን ያውጣ። አንድ ቀን ጠዋት እናቴ ብትወጣ ብቅሉ መሃሉ ጎድጉዷል። አገልግል የሚሞላ ሄዷል።

"ሙሉቀን!"

ታከለ አልተጠራም። ዶሮዎቹ አልተጠሩም። እኔ ተጠራሁ።

"እማ፣ እኔ አንድ ጭብጥ ብቻ ነው የበላሁ!"

"አንድ ጭብጥ? ጭብጥህ ቁና ነው እንዴ?"

ልምጩን ቀመስኩ። ያ ሁሉ ብቅል የት ሆዴ እንደሚገባ እንኳ የጠየቀ የለም።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት እትዬ እናኑ ለጠላው የታዘዘውን ጋን በጀርባቸው አዝለው መጡ። ላባቸውን እየጠረጉ ደጅ ቆሙ። አባቴ ሸጊትን አሳምሮ፣ ኮርቻዋ ላይ ቀዩን የግላስ ጨርቅ ደርቦባት፣ ስለ አጀቡ ሊመክሩ ለመጡት ለአያ ጥሩነህ ያሳያል። አያ ጥሩነህ የቀዬው ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ደግ ናቸው፣ ግን ዝንብ ብትሞት ዓይን ነው የገደላት ይላሉ።

እትዬ እናኑ ሸጊትን አዩና ጋናቸውን እንኳ ሳያወርዱ፣ "ውይ! ውይ! አቤት ውበት! ይቺስ በቅሎ ሳትሆን ሙሽራ ናት!" አሉ።

"ከዓይን ያውጣት" አላሉም። "በስመ አብ" አላሉም። ረሱት። የእናቴ ፈገግታ ፊቷ ላይ ደረቀ። አያ ጥሩነህ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። አባቴ ሸጊትን ጎትቶ በረት አስገባት። እኔ ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ያመሰገኑት እኮ እውነት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በረት ልጠርግ ስገባ ሸጊት ምንም አልጣለችም። መሬቱ ንጹሕ ነው። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ለእናቴ ብነግራት "ዛሬ ደግሞ ፋንድያ ጎደለ ብለህ ልትከስ ነው?" አለችኝ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል ሸጊት ሆዷን ዞራ ዞራ ታየዋለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ትንከባለላለች። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። አባቴ ፊቱ አመድ መሰለ።

"ትናንት ነው" አሉ አያ ጥሩነህ። "ትናንት በዓይናችን ሥር። በላቻት።"

ለእንዲህ ያለ ነገር መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የበላው ሰው ይጠራና በበሽተኛው ላይ እንትፍ ይላል። ከተፋ ይድናል ይባላል። እትዬ እናኑ ተጠሩ። እጃቸው ጭቃ እንደሆነ መጡ። ግቢው በሰው ሞልቷል። እኔ የሸጊትን ገመድ ይዣለሁ።

"እንትፍ በይባት" አላቸው አባቴ። ድምፁ ቁጣ አልነበረም፤ ልመና ነበር። አባቴ "አንቺ" ነበር የሚላቸው፤ በዕድሜ ቢበልጡትም "አንቺ"።

"ምን በድዬ?" አሉ እትዬ እናኑ።

"ዓይንሽ አርፎባት።"

እትዬ እናኑ ዞር ዞር ብለው ሰውን አዩ። ገንቦአቸውን የገዛ ሰው፣ በድስታቸው ወጥ የሚሠራ ሰው ነው ሁሉም።

"ብተፋ በላሁ ማለቴ ነው፤ እድሜ ልኬን፣ እስከ ልጅ ልጄ። ባልተፋና ብትሞት ገደለች ትሉኛላችሁ። እስቲ የቱን ልምረጥላችሁ?"

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ለካ ደጅ የሚቆሙት ጭስ ጠልተው አልነበረም። ሸጊት ደግሞ ልክ ያን ጊዜ አንገቷን ወደ እኔ ጥላ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ፊቴ ላይ። ጣፋጭ! የጠላ ቤት ትንፋሽ! ያን ሽታ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ትናንት ተገርፌበታለሁ።

"ብቅል ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ሸጊት ብቅሉን በልታ ነው!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

"አይ ዶክተር ፋንድያ!" አሉ አያ ጥሩነህ። "ብቅሉን ራሱ በልቶ በበቅሎ ሊያላክክ!"

"አንድ ጭብጥ ነው የበላሁ! እትዬ እናኑ ብለውኛል፣ ላም ትደብቃለች፣ በቅሎ ትመሰክራለች። ስትጥል ይታይ! ሸጊት ትመስክር!"

ልጅ ሽማግሌ መሃል ገብቶ አይናገርም። አባቴ እጁን አንስቶ ነበር፤ በጥፊ ሊለኝ። እትዬ እናኑ ግን ቀደሙ።

"ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ምስክር አለኝ፤ ይቺው በቅሎ። ከፋንድያዋ ገብስ ከወጣ ንጹሕ ነኝ። ካልወጣ እተፋለሁ፤ ነገ ደግሞ እሳቴን አጥፍቼ አገር ለቅቄ እሄዳለሁ።"

ሰው ተጉረመረመ። አያ ጥሩነህ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ጫን አሉ። "ምስክር ያለው ሰው ምስክሩ ሳይሰማ አይፈረድበትም" አሉ። ይቺን ፍትሐቸውን እስከ ዛሬ አመሰግንላቸዋለሁ።

እንግዲህ ያልኳችሁ እዚህ ነው። አባቴ ልጓሟን ይዞ ግቢውን ያዞራታል፤ ሽማግሌዎቹ ከኋላ። ስትቆም ይቆማሉ። ስትሄድ ይሄዳሉ። አንዴ ጅራቷን አነሳች፤ ሁሉም አንገቱን አሰገገ፤ ነፋስ ብቻ። አያ ጥሩነህ ፊት ለፊት ነበሩ፤ ጋቢያቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉና "ይሄ ምስክር መሐላውን ነው የጀመረ" አሉ። ማንም አልሳቀም። እትዬ እናኑ ከአጥሩ ሥር ቆመው እጃቸው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጥፍራቸው ይልጣሉ። ሸጊት ስትወድቅ እሳቸውም ይወድቃሉ፤ ስትነሳ ነፍሳቸው ትመለሳለች። እኔ እሳቸውን እያየሁ በልቤ ያቺን በሸጊት ሆድ ውስጥ ያለችውን ትንሽዬዋን እትዬ እናኑን እለምናለሁ፤ "እባክዎ፣ ቶሎ ይበሉ።"

ፀሐይ ወደ ማዘንበሉ ስትል ሸጊት ቆመች። እግሯን ከፈት አደረገች። ጅራቷ ወጣ።

ዱብ። ዱብ።

ድቡልቡል፣ ደረቅ። አያ ጥሩነህ በዘንጋቸው ፈነከቱት። ገለባ ብቻ።

"ይኸው" አሉ በቀስታ።

እትዬ እናኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያን ፊት አልረሳውም። እኔ ግን እቅጩን አውቃለሁ፤ ተማሪያቸው ነኝ። "እሱ ያለፈው ነው!" አልኩ። "በሩ ላይ የነበረው ነው የወጣ! የብቅሉ ገና ከኋላ ነው!"

"ዝም በል አንተ!" አለኝ አባቴ።

ሸጊት ታዲያ ከአባቴ በላይ እኔን ሰማችኝ። እንደገና ጅራቷን አነሳችና አሁን ዱብ የለም፤ ዘጭ! እንደ ላም። እንደ ቀጭን ጭቃ። የጠላ ጭላጭ የመሰለ ሽታ ግቢውን ሞላው። እናቴ ሰውን ገፍታ ገባች፣ ጎንበስ አለች፣ ከመሃሉ በጣቷ ቆንጥራ አነሳች። ገብስ። ሙሉ ገብስ፣ ሥሩ እንደ ክር ብቅ ያለ። አንድ አይደለም፤ ምኑ ቅጡ!

"የእኔ ብቅል ነው" አለች እናቴ። በመዳፏ ይዛ ለሽማግሌዎቹ አዞረችው። ቀጥሎ ቀና ብላ አባቴን አየችው። "ዘለቀ፣ ከትናንት በስቲያ ማታ ይቺን በቅሎ ማን ነበር ያሰራት?"

አባቴ ነበር። ለእንግዳ ሲያሳይ አምሽቶ፣ ራሱ፣ በገዛ እጁ።

ሁሉም እግሩን ማየት ጀመረ። እናቴ እኔን አቅፋ ጭንቅላቴን ሳመችኝ፤ ልምጩን የመለሰችልኝ ያህል ነው የቆጠርኩት። ሸጊት ሆዷ ቀሎላት ራሷን አራገፈችና ውሃ ፈለገች። እትዬ እናኑ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ማንንም ሳያዩ፣ በሩን አልፈው ወደ ወንዙ ወረዱ።

ያለቀ መስሎኝ ነበር። በነጋታው ቅርጫቴን ሞልቼ እየዘለልኩ ወረድኩላቸው። ጀግና ነኛ! እሳቸው ቅርጫቱን አልነኩትም።

"የማን ነው?"

"የሸጊት። ተሽሏታል፣ እትዬ። ድቡልቡል ነው፣ ይዩት።"

"መልሰህ ውሰደው። ከአባትህ ደጅ የወጣ ነገር እሳቴ ውስጥ አይገባም።" ከዚያ ራሴን ዳበሱኝ። "አንተን አይደለም፣ የኔ ጌታ። አንተ ና። ቅርጫቱን ግን ተወው።"

ያለ ቅርጫት ምን ልሠራ እመጣለሁ? እያለቀስኩ ወጣሁ። አባቴ እራት ሲቀርብ እኔ አልበላም አልኩ። ለምን ቢለኝ "እትዬ እናኑ ፋንድያችንን አልቀበልም አሉ" አልኩት። ለሌላ ሰው ይቺ ንግግር ቀልድ ናት። አባቴ ግን ጉርሻውን መልሶ መሶቡ ላይ አስቀመጠ። ሰነበተ እንዲያ ሆኖ፤ የሸጊትን ኮቴ እንኳ በቅቤ ማሸት ተወ።

የጅጋ ገበያ ቀን ጠዋት፣ መንገዱ በሰው በተሞላበት ሰዓት፣ አባቴ ሸጊትን አወጣ። ኮርቻ የለም። ግላስ የለም። ሁለት ጆንያ ኩበት ጀርባዋ ላይ ጫነባት። እናቴ ሮጣ ወጣች።

"ኧረ ዘለቀ! አበድክ? ሰው ምን ይላል?"

"ይበል" አለ።

ልጓሙን ይዞ፣ እኔን አስከትሎ፣ በመሃል መንገድ። ገበያተኛው ይቆማል፣ ያፈጣል። ሸጊት ራሷ ደንግጣለች፤ ጆንያውን ዞር እያለች ታየዋለች፣ "ይሄ የማን ነው?" የምትል ይመስላል። አያ ጥሩነህ ከፊት ለፊት መጡ።

"ምነው ዘለቀ፣ አህያህ ሞተ እንዴ?"

"የለም፣ አያ" አለ አባቴ። "አህያውስ እኔ ነበርኩ።"

አያ ጥሩነህ ከመንገዱ ዳር ወጥተው አሳለፉን።

እትዬ እናኑ ደጃፋቸው ላይ ጭቃ እየረገጡ ነበር። አባቴ ከአጥሩ ውጭ ቆመ፤ እሳቸው እኛ ደጅ እንደሚቆሙት ደጅ ቆመ።

"እትዬ እናኑ፣ እንደምን አደሩ?"

አደሩ! ከአባቴ አፍ! እግራቸው ጭቃው ውስጥ እንዳለ ቀጥ አሉ። ጆንያውን አዩ። ሸጊትን አዩ። አባቴን ረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኩበት ነው። ለእሳትዎ።"

"በዚች በቅሎ?"

"በዚች በቅሎ።"

ከጭቃው ወጡ። መጥተው እጃቸውን የሸጊት አንገት ላይ አሳረፉ፤ አምስቱ ጣታቸው በጭቃ ታተመባት። አባቴ ጭቃውን አልጠረገም።

"አሁን እንዴት እንደምታምር ልናገር ወይስ ልተወው?"

"ይናገሩ" አለ አባቴ። "እስኪበቃዎ ድረስ ይናገሩ።"

"ውይ! አቤት ውበት!" አሉ እትዬ እናኑ፤ ድምፃቸው ገበያው መንገድ ድረስ ተሰማ። "ይቺስ በቅሎ ሳትሆን ሙሽራ ናት!"

ሸጊት ይሄን ስትሰማ ጅራቷን አነሳችና ደጃቸው ላይ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ድቡልቡል፣ ጠንካራ፣ ምንም እንከን የሌለበት። እትዬ እናኑ አዩትና ከት ብለው ሳቁ፤ አባቴም ሳቀ፤ እኔ ደግሞ ቅርጫቴን ልፈልግ ሮጥኩ።

በሰርጉ ቀን እትዬ እናኑ ደጅ አልቆሙም። ዳሱ ውስጥ፣ ከአያ ጥሩነህ አጠገብ ተቀመጡ፤ አባቴ ራሱ ጠላ ቀዳላቸው፤ ከገዛ ጋናቸው። ጠላው ቀጠን ብሏል፤ ብቅሉ ጎድሏላ!

ካላመናችሁ ጠይቁ። ወንድሜ ታከለ ቡሬ አለ፤ ስለ ጠላው ቅጥነት እስከ ዛሬ ያማርራል። አያ ጥሩነህ አልፈዋል፤ ነፍስ ይማር፤ ከበቅሎዋ ኋላ ከቆሙት ግን ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ፤ ጅጋ ወርዳችሁ "ሸጊት" ብቻ በሉ። እትዬ እናኑም አሉ፤ ጆሯቸው ከብዷል፣ ምላሳቸው አልደነዘም። ሰው ይዋሻል የምትሉ ከሆነ ደግሞ እናቴ ቤት ግቡ፤ መደርደሪያው ላይ ለእኔ የሠሩልኝ የጭቃ በቅሎ ቆማለች፤ ጀርባዋ ላይ ሁለት ጆንያ አለ፣ ከኋላዋ ደግሞ ሦስት ድቡልቡል። በሉ ሂዱ፣ ጠይቁ! ግን እትዬ እናኑ ዘንድ ስትሄዱ ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ፤ "ኩበቱስ?" ይሏችኋል።